ሕፃኑ ከማን ጋራ ነው?

በቅዱስ ሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ 2 የተጻፈውን ታሪክ ከእናንተ መካከል የማያውቀው አይገኝም። ጌታችን የ12 ዓመት ልጅ በሆነ ጊዜ እመቤታችንና አረጋዊው ዮሴፍ ለፋሲካ በዓል ወደ ኢየሩሳሌም ይዘውት ወጥተው ነበር። በዓሉ ተፈጽሞ ወደ ናዝሬት ሲመለሱ ግን እርሱ በዚያው ቀረ። እነርሱም አብሯቸው ከሚጓዘው ሕዝብ መካከል በአንዱ ወገን ዘንድ ይሆናል በማለት ሳይጠራጠሩ ቀኑን ሙሉ ተጓዙ። ከዚያ በኋላ በየዘመዱ ዘንድ ቢጠይቁ የለም፤ ተመልሰው በፍለጋ ከደከሙ በኋላ በሦስተኛው ቀን በቤተ መቅደስ፥ በሊቃውንት መካከል አገኙት። በርግጥ እርሱ አልጠፋም፤ በአባቱ ቤት ነበረ። የዚህን ምሥጢር ትርጓሜ ለመምህራኑ ትተን እኛ ለዛሬው ጽሑፋችን ከታሪኩ አንዲት ነገር ብቻ እንወስዳለን። ልጁ ከዓይን የተለየው ዘመድ በማጣቱ አልነበረም። ይልቁንም ዘመዱና ወዳጁ ብዙ በመሆኑ፥ ከእነዚህ ሁሉ አንዱ ይዞት ይሆናል ተብሎ ስለ ታመነ ነው።

በአገራችንም ልጅ የአንዲት እናት ብቻ ሆኖ አድጎ አያውቅም። አያት አለች፤ አክስት አለች፤ ታላቅ እኅት አለች፤ ጎረቤት አለች፤ መንገደኛ ሽማግሌ እንኳ ከመንገድ ላይ ሕፃን ሲያገኝ «የማን ልጅ ነህ?» ብሎ እጁን ይዞ ወደ ቤቱ ይመልሰዋል። ይህ ትልቅ ሀብት ነው፤ በትልልቅ ከተሞች በራቸውን ዘግተው ለብቻቸው ልጅ የሚያሳድጉ ወላጆች ይህንኑ ሲናፍቁት እናያለን። ነገር ግን በዚሁ ሀብት ውስጥ አንድ ጉድለት ተሸሽጎ ይኖራል። እናት ለአረም ስትወጣ ሕፃኑ ከአያቱ ጋራ ነው ብላ ታምናለች። አያት ደግሞ ቡናዋን ለመቁላት ጎንበስ ባለች ጊዜ ልጁ ታላቅ እኅቱን ተከትሎ የወጣ ይመስላታል። እኅቲቱ ውኃ ልትቀዳ ስትሄድ ወንድሟን ከአያቷ እግር ሥር እንደ ተወችው ታስባለች። ሦስቱም ልጁን ይወዱታል፤ ሦስቱም ያሰቡት ነገር ያለ ምክንያት አይደለም፤ ልጁ ግን በዚያች ሰዓት ከሦስቱም ጋራ የለም። ቀትር ላይ አባት ከማሳ ተመልሶ ሲጠይቅ እንዲህ ይባላል፦

«ልጁስ?»

«ከእማማ ጋራ ነው።»

«ኧረ እኔ ዘንድ የለም! እናንተን ተከትሎ የወጣ መስሎኝ!»

ከዚህ በኋላ በዚያ ቤት የሚሆነውን መጻፍ ይከብዳል።

ይህ ነገር በየአገሩ ያለ ነው፤ በፎገራ ሜዳ ግን ከሌላው ይልቅ የሚያስጨንቅበት ምክንያት አለው። ከጉና ተራራ የሚወርዱት ርብና ጉማራ በወረታ ዙሪያ ያለውን ሜዳ አቋርጠው ወደ ጣና ይገባሉ። ሜዳው እንደ ገበታ የተዘረጋ ስለ ሆነ ክረምት በገባ ጊዜ ውኃው የሚሄድበት አጥቶ ይተኛል። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ወንዞቹ ከዳርቻቸው ወጥተው፥ ጣናም ሞልቶ፥ በፎገራና በሊቦ ከምከም ብዙ ሕዝብ ከቤቱ መፈናቀሉን የምናስታውሰው ነው። እንዲህ ያለው ጎርፍ ሲመጣ ግን እናት ልጇን አትዘነጋም፤ አዝላው ወደ ደረቅ ምድር ትሸሻለች። እኛ ዛሬ የምንጽፍበት ውኃ ሌላ ነው። ከደጅ ሃያና ሠላሳ እርምጃ ርቆ የሚገኝ፥ ጥጃ የሚጠጣበት፥ እግር የሚታጠብበት፥ ከአዋቂ ሰው ጉልበት የማያልፍ፥ ስለዚህም ማንም የማይፈራው ውኃ ነው።

ይህ ውኃ ከቤት ደጅ የቀረበበት ዘመን ሩቅ አይደለም። አባቶቻችን ውኃ የሚተኛበትን ሜዳ ለከብት ይተዉት ነበር፤ የፎገራ ላምም ስሟ በአገሩ ሁሉ የታወቀው በዚሁ ግጦሽ ነው። ውኃው ሲሸሽ በቀረው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ይዘሩ ነበር። በ1970ዎቹ ዓ.ም. ግን በሰሜን ኮሪያ ባለሞያዎች እርዳታ በጅግናና በሻጋ የአምራቾች ማኅበራት ሩዝ ተሞከረ። ማኅበራቱ ከፈረሱ በኋላም ገበሬው ራሱ ዘሩን ይዞ አስፋፋው፤ እስከ ዛሬ «ኤክስ ጅግና» እየተባለ የሚዘራው ዘር ስሙን ያገኘው ከዚያችው ጅግና ነው። አሁን ወረታ የሩዝ ከተማ ናት፤ የአገሪቱ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማእከል የሚገኘውም በዚያው ነው። በሩዝ ቆርቆሮ ቤት ተሠርቷል፤ በሩዝ ልጅ ተምሯል፤ ይህን የሚክድ ሰው ፎገራን የማያውቅ ነው።

ሆኖም ሩዝ ሁለት ነገሮችን ለወጠ። ቀድሞ ገበሬው ውኃው እንዲሄድለት ቦይ ይቀድድ ነበር፤ ዛሬ ውኃው እንዳይሄድበት በማሳው ዙሪያ ክትር ይሠራል። ደግሞም የሩዝ አረም እጅ ይፈልጋል። በክረምቱ ወራት ሁለት ሦስት ጊዜ ይታረማል፤ ቤተሰቡ ሁሉ፥ እናቲቱም ጭምር፥ ከጠዋት እስከ ማታ በውኃ ውስጥ ጎንበስ ብሎ ይውላል። እንግዲህ ውኃው ወደ ቤት የሚቀርብበት ወራትና እናት ከቤት የምትርቅበት ወራት አንድ ሆኑ ማለት ነው። የዛሬ ሃምሳ ዓመት እንዲህ አልነበረም፤ ስለዚህም ከአያቶቻችን የተማርነው የልጅ አጠባበቅ ለዚህ ለአዲሱ ክረምት አይበቃም።

የመስጠም አደጋ ደግሞ ሰው በልቡ እንደሚሥለው አይደለም። እኛ የምናስበው የሚጮኽ፥ እጁን የሚያወናጭፍ ሰው ነው። ሕፃን ግን አይጮኽም። ራሱ ከአካሉ ጋራ ሲመዛዘን ከባድ ስለ ሆነ አንድ ጊዜ በግንባሩ ከተደፋ መነሣት ያቅተዋል፤ አፉንና አፍንጫውን የሚሸፍን ውኃ ይበቃዋል፤ በጥቂት ደቂቃም ነገሩ ያልቃል። ግማሽ ባልዲ ውኃ ያጠፋዋል ስንል ለማስፈራራት ያጋነንን የሚመስለው ሰው ካለ፥ ነገሩ እውነት መሆኑን ከጤና ጣቢያ ይጠይቅ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ እንደ ገለጸው በ2021 እ.ኤ.አ. ብቻ በዓለም ላይ 300,000 ያህል ሰዎች ሰጥመው ሞተዋል፤ ከእነዚህም ሩብ የሚሆኑት 5 ዓመት ያልሞላቸው ናቸው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም በዚያው በ2021 እ.ኤ.አ. ይህ አደጋ በየዓመቱ አንድ ቀን እንዲታሰብ ወሰነ፤ ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 18 ላይ ይውላል። ወሳኞቹ ስለ እኛ ስንክሳር ያሰቡ አይመስለንም፤ ነገር ግን ማግስቱ ሐምሌ 19፥ መልአኩ ቅዱስ ገብርኤል የ3 ዓመቱን ሕፃን ቅዱስ ቂርቆስንና እናቱን ቅድስት ኢየሉጣን ከፈላው ውኃ ያዳነበት በዓል ነው። በፎገራ ያ ሳምንት አረሙ የሚጠናበት ሳምንት ነው። በዓሉን ለማክበር ወደ ቤተ ክርስቲያን የምትሄዱ ወላጆች፥ ሕፃናቱን ማን ዘንድ እንደ ተዋችኋቸው በዚያው ቀን ብታስቡበት በዓሉን አያጎድለውም።

በእነዚህ ወራት ታዲያ ሕፃኑን የሚጠብቀው ማን ነው? አያት ትጠብቃለች ይባላል። አያት ግን ዓይኗ ደክሟል፤ ጉልበቷም ታሟል፤ መራመድ የጀመረ ልጅ ደግሞ ከጫጩት ይፈጥናል። ታላቅ እኅት ትጠብቃለች ይባላል። የ7 ዓመት ልጅ ግን ራሷ ጠባቂ የሚያስፈልጋት ናት። ባልንጀሮቿ ሲጫወቱ ያየች እንደ ሆነ ልጅነቷ ይጠራታል፤ ስለዚህ ነገር እርሷን መውቀስ ግፍ ነው። ክፉ ነገር የደረሰ እንደ ሆነ ያቺ ልጅ ዕድሜ ልኳን የምትሸከመውን የጸጸት ሸክም ያሸከማት አዋቂው ሰው ነውና። አንዳንዶች ሕፃኑን ከቤት ዘግተው ይሄዳሉ፤ በቤቱ ውስጥ ግን ምድጃ አለ፤ ከውኃ ያራቁትን ለእሳት ማቅረብ ይሆናል።

እኛን ከክረምቱ ይልቅ የሚያሳስበን ግን መስከረም ነው። ብዙ ሰው ዘመን ሲለወጥ ክረምቱ አለፈ ብሎ ልቡን ያሳርፋል። በፎገራ አደይ አበባ ሲፈካ ውኃው ገና በሩዙ ሥር እንደ ተኛ ነው። በዚሁ ወር ትምህርት ቤት ይከፈታል፤ ክረምቱን ሁሉ ሕፃኑን ሲያዝሉ የቆዩት እኅቶችና ወንድሞች ደብተራቸውን ይዘው ይወጣሉ። መውጣታቸው ተገቢ ነው፤ እኛም በመምህርነት የምንኖር ስለ ሆንን ሕፃን ለመጠበቅ ሲባል አንዲት ልጅ ከትምህርቷ ትቅር ብለን አንጽፍም። ነገር ግን ጠባቂው ሄዶ ውኃው ቀርቷል። የሄደውን የሚተካው ማን እንደ ሆነ ጳጉሜን ሳያልቅ በቤት ውስጥ ተነጋግሮ መወሰን ያስፈልጋል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው መቆየታቸው ሌላው ኀዘናችን ነው፤ ትምህርት ቤት በተዘጋበት ቀበሌም ልጆቹ ቤት ስለ ዋሉ ሕፃናቱ ተጠበቁ ማለት አይደለም፤ ጥበቃ የሚሹት በዙ እንጂ።

በእስያ ባንግላዴሽ የሚባል፥ እንደ ፎገራ ሜዳው ሁሉ ሩዝና ውኃ የሆነ አገር አለ። በዚያ የጤና ባለሞያዎች ሕፃናት በውኃ የሚሞቱበትን ሰዓት መርምረው፥ አደጋው የሚበዛው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 7 ሰዓት ባለው ጊዜ መሆኑን አገኙ። ሌሊት አይደለም፤ በማዕበልም አይደለም፤ እናት ምግብ ስታበስል፥ አባት እርሻ ሲውል፥ ፀሐይ በምድር ላይ ወጥታ ሳለ ነው። ስፍራውም ብዙውን ጊዜ ከቤቱ አጠገብ ያለ ኩሬ ነበር። መድኃኒቱን ከዚሁ ምርመራ አወጡት። ከመንደሩ አንዲት የታመነች ሴት ተመርጣ፥ ረዳት ተሰጥቷት፥ ሃያ አምስት ያህል ሕፃናትን በእነዚያ ሰዓታት ትጠብቃለች። ስፍራው «አንቻል» ይባላል፤ ትርጓሜውም የእናት ልብስ ጫፍ፥ በእኛ አነጋገር የነጠላዋ ዘርፍ እንደ ማለት ነው። ይህ በተደረገባቸው መንደሮች በውኃ የሚሞቱት ሕፃናት እጅግ አነሱ፤ በ2022 እ.ኤ.አ. የአገሩ መንግሥት ራሱ ሥራውን በብዙ ወረዳዎች ለማስፋፋት ወሰነ።

በዚህ ውስጥ ለእኛ እንግዳ የሆነ ነገር አላገኘንበትም። እኛ ወንፈል አለን። ስምንት ሴቶች ወንፈል ሲገቡ ዛሬ የአንዷን፥ ነገ የሌላዪቱን ማሳ ያርማሉ፤ ሕፃናቶቻቸው ግን በስምንት ቤት ተበትነው በስምንት ደካማ እጆች ይቀራሉ። ሰባቱ ቢያርሙ፥ ስምንተኛይቱ ደግሞ የሁሉንም ልጆች በአንድ አጥር ውስጥ ሰብስባ ብታውል፥ ከሥራው የሚጎድለው የአንድ ሰው እጅ ነው። ደግሞም እናቶቹ በየሰዓቱ ቀና እያሉ ወደ ቤታቸው የሚመለከቱበት፥ አንዳንዴም አረማቸውን ጥለው የሚሮጡበት ጊዜ ሲታሰብ፥ የጎደለው እጅ ብዙ ላይሆን ይችላል።

በዚህ ስምምነት ውስጥ ግን አንድ ነገር ጠንክሮ መያዝ አለበት። የጠባቂዋ ቀን እንደ አረም ቀን ይቆጠርላት። «እርሷማ ተቀምጣ ዋለች» የተባለ እንደ ሆነ በማግስቱ ለዚህ ሥራ የምትገኝ ሴት አትኖርም፤ ወይም ለማረም የማትችለው፥ የታመመችዪቱና ያረጀችዪቱ ትመደባለች፤ ነገሩም ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ለጥበቃው የምትመረጠው ሮጣ የምትደርስ፥ ዓይኗ የሚያይ፥ ጉልበት ያላት ትሁን። ባሎች ይህን ስንል የሚያጉረመርሙ ይኖራሉ። አሥራ ሁለት ሕፃናትን ከውኃ ሲጠብቅ የዋለ ሰው ሥራ ፈትቶ ዋለ የሚል ባል ካለ አንድ ቀን እርሱ ራሱ ይጠብቃቸው፤ ሚስቱ ታርምለት።

አጥር ያለው ሰፊ ግቢ ከየት ይገኛል የሚሉም አይጠፉም። የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አለ። በቀደመው ዘመን የኔታ ከዛፍ ጥላ ሥር ሕፃናቱን ሰብስበው ፊደል ሲያስቆጥሩ፥ ከንባቡ ጋራ የእናቶችን ድካም ያግዙ ነበር። «ሀ ሁ» የሚለው ድምፅ ከሩቅ እስከ ተሰማ ድረስ እናት ልጇ የት እንዳለ ታውቃለች፤ ድምፁ ሲቋረጥ ቀና ትላለች። ዛሬ በየአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የተከፈተው «ኦ ክፍል» ስድስት ዓመት የሚሆነውን ልጅ ይቀበላል፤ የኔታ የአራት ዓመቱንም ይቀበላሉ፤ ውኃ አጥብቆ የሚያሰጋው ግን ከዚህም ያነሰው፥ መራመድ ከጀመረበት ቀን አንሥቶ ያለው ሕፃን ነው። ስለዚህ ሰበካ ጉባኤው ቢፈቅድ፥ በአረም ወራት የየኔታ ተማሪዎች በአንድ ወገን፥ ወንፈሉ የመደባት እናት ከትንንሾቹ ጋራ በሌላው ወገን፥ በአንድ ቅጥር ውስጥ ቢውሉ የሚከለክል ሥርዓት አላየንም። የቅጥሩ በር መዘጋቱንና በግቢው ያለው የጠበል ጉድጓድ ወይም የውኃ ጋን መከደኑን አስቀድሞ ማየት ብቻ ያስፈልጋል።

በጋ ሲገባ አደጋው ቦታውን ይለውጣል እንጂ አይጠፋም። ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለሙ ገበሬዎች ከርብና ከጉማራ በሞተር ውኃ ይስባሉ፤ ወንዝ የራቀው ደግሞ በጓሮው ጉድጓድ ይቆፍራል። ጉድጓዱ ለሽንኩርቱ ሕይወት ነው፤ ነገር ግን አፉ ከመሬት ጋራ እኩል ሆኖ፥ ክዳን ሳይኖረው፥ ዙሪያውን ሣር ለብሶ ሲታይ ያስደነግጣል። በኦሪት ዘፀአት በምዕራፍ 21 ጉድጓድ ቆፍሮ ሳይከድን የተወ ሰው የሌላው በሬ ወይም አህያ ቢወድቅበት ዋጋውን እንዲከፍል ታዟል። ልብ በሉ፤ ሕጉ በሬው ወደዚያ ለምን ሄደ ብሎ አይመረምርም፤ እረኛው የት ነበር ብሎም አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ባለ ጉድጓዱን ነው። የሕፃን ነገር ሲሆን ግን እኛ ይህን ሥርዓት ገልብጠን እናቲቱን «የት ነበርሽ?» እያልን ባለ ጉድጓዱን በዝምታ እናልፈዋለን። ከእንጨት የተረበረበ፥ ሕፃን የማያነሣው ክዳን ለመሥራት የሚጠፋው የግማሽ ቀን ሥራ ነው። የጎረቤት ጉድጓድ ክፍት ከሆነ መናገር ነውር አይደለም፤ ካልሰማም ለቀበሌ ሽማግሌ ማመልከት ነው።

ደርሶ ኀዘን በሆነ ጊዜ «ቀኑ ደርሶ ነው» ይባላል። ይህ ቃል የተጎዳችን እናት ለማጽናናት በለቅሶ ቤት የሚነገር ነው፤ በስፍራው መልካም ነው። ከለቅሶ ቤት ወጥቶ ክፍት ጉድጓድ ለመጠበቂያ ሲውል ግን አንቀበለውም። «ውኃው ጠራው» የሚለውንም እንደዚሁ። ውኃ አይጠራም፤ ሕፃን የሚያብረቀርቅ ነገር ባየ ጊዜ ሊነካው ስለሚሄድ ነው።

የወረታ ከተማ ወላጆች እኛስ ማሳ የለን እንዳይሉ፥ የእነርሱ ውኃ አስፋልቱ ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚያልፈውና ወደ ደብረ ታቦር፥ ወደ ወልድያ የሚታጠፈው መኪና ሁሉ በከተማይቱ መካከል ያልፋል፤ ባጃጁም በየቅያሱ ነው። ሱቅ ያላት እናት ገዢ ስታስተናግድ ጀርባዋን ለልጇ ትሰጣለች። በሱቁ ደጃፍ ከሕፃኑ ደረት ከፍ ያለ መዝጊያ ማቆም፥ ዋጋው ከአንድ ሣጥን ሳሙና አይበልጥም።

በገበያና በጥምቀት ሕዝብ መካከል የሚጠፋ ልጅ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ጥር 11 ቀን ታቦታቱ ከባሕረ ጥምቀቱ ሲነሡ ሕዝቡ እንደ ወንዝ ስለሚንቀሳቀስ፥ እጅ የለቀቀ ልጅ በቅጽበት ይሰወራል። በድምፅ ማጉያ «ቀይ ሹራብ የለበሰች ልጅ ጠፍታለች» ሲባል ሰምታችኋል። የተገኙትን ልጆች ለወላጆቻቸው ለመመለስ የሚያስቸግረው ግን ልጆቹ የሚናገሩት ስም ነው። «አባትህ ማን ይባላል?» ሲሉት «ጋሼ» ይላል። «እናትሽስ?» ሲሏት «እትዬ» ትላለች፤ የራሷን ስም ስትጠየቅም በቤት የሚያቆላምጧትን ትናገራለች። ጋሼና እትዬ በአገሩ ሁሉ ሞልተዋል። ሦስት ዓመት የሞላው ልጅ የራሱን ስም ከነአባቱና ከነአያቱ፥ የእናቱን የመጠሪያ ስም፥ የቀበሌውንና የአጥቢያውን ታቦት ስም መናገር ይችላል፤ ማታ ማታ እንደ ጨዋታ ቢጠየቅ በአንድ ወር ያጠናዋል። ገና ለማይናገረው የስልክ ቁጥራችሁን በልብሱ በውስጥ በኩል ጽፋችሁ ስፉለት፤ ከውጭ ግን ስሙን አትጻፉ፤ የማያውቀው ሰው በስሙ ሲጠራው ዘመድ ይመስለዋልና። ለልጁም የጠፋ እንደ ሆነ እየሮጠ እንዳይፈልጋችሁ፥ ባለበት ቆሞ ወይም ልጅ ወደ ያዘች እናት ቀርቦ እንዲነግራት አስተምሩት።

እንግዲህ ሕፃን ከቤት ጠፋ ሲባል ምን ይደረጋል? በመጀመሪያ ወደ ውኃ ይሮጣል። አብዛኛው ሰው አልጋ ሥር፥ ጎተራ ኋላ፥ ጎረቤት ቤት ከፈለገ በኋላ ነው ውኃውን የሚያስታውሰው። እርግጥ ነው፥ የጠፋ ሕፃን ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከገለባ ክምር አጠገብ ተኝቶ ነው፤ ነገር ግን በገለባ ላይ የተኛው ልጅ አንድ ሰዓት ቢቆይ ምንም አይሆንም፤ በውኃ ውስጥ ያለው ግን ደቂቃ አይሰጥም። ስለዚህ ጉድጓዱ፥ ቦዩ፥ ክትሩ፥ በርሜሉ ይታይ፤ ከዚያ በኋላ ሌላው ይፈለግ። አንድ ሰው ከቤት አይነሣ፤ ልጁ በራሱ እግር የተመለሰ እንደ ሆነ የሚቀበለው ያስፈልጋልና። ማን በመጨረሻ እንዳየው፥ ምን እንደ ለበሰ ይጠየቅ። ጎረቤት እስኪሰማ መጮኽ አያሳፍርም፤ ልጁ ተኝቶ ከተገኘ ተስቆ ይለያያል። ቀኑ የመሸ እንደ ሆነ የጅብ ነገር ስላለ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል እስኪደወል መጠበቅ አይገባም፤ አስደውሉት።

ሲፈለግ የሚጠራው ድምፅ ግን የቁጣ አይሁን። «ዛሬ ባገኝህ!» እየተባለ የሚጠራ ልጅ ከቁጥቋጦው ውስጥ ጭልጥ ብሎ ይደበቃል። ከተገኘም በኋላ መግረፍ ክፉ ነው፤ በሁለተኛው ጊዜ ሲጠሩት አቤት እንዳይል ማስተማር ነውና። እመቤታችን ከሦስት ቀን ፍለጋ በኋላ ስለ ምን እንዲህ እንዳደረገና እንዴት እንደ ተጨነቁ ነግራ ጠየቀችው እንጂ እጇን አላነሣችም።

ከውኃ የወጣ ሕፃን የማይተነፍስ የሆነ እንደ ሆነ በእግሩ ይዞ መዘቅዘቅ፥ ሆዱንም መጫን ጊዜ ማባከን ነው፤ ከዚያም አልፎ ይጎዳዋል። በደረቅ መሬት ላይ በጀርባው ይጋደም፤ አገጩ በቀስታ ቀና ይደረግ፤ ሕፃኑ ትንሽ ከሆነ አፉንና አፍንጫውን በአንድነት በአፋችሁ ሸፍናችሁ ደረቱ ከፍ ሲል እስክታዩ ድረስ በልኩ አምስት ጊዜ እፍ በሉበት። ካልነቃ በደረቱ መካከል በአንድ እጅ መዳፍ ፈጠን ፈጠን እያላችሁ 30 ጊዜ ተጫኑ፤ ሁለት ጊዜ እፍ በሉ፤ እንደገና ተጫኑ፤ እስትንፋሱ እስኪመለስ ወይም ባለሞያ እስኪደርስ አታቋርጡ። በዚህ ጊዜ ሌላው ሰው ባጃጅ ይጥራ። ነገሩን ከጽሑፍ ማንበብ ስለማይበቃ፥ የቀበሌያችሁን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የወንፈሉ እናቶች ተሰብስበው ሳሉ በአሻንጉሊት ወይም በተጠቀለለ ጨርቅ እንድታሳያችሁ ለምኗት፤ ለዚህም ከሰኔ ወር የተሻለ ጊዜ የለም። ሕፃኑ ነቅቶ ቢያለቅስ፥ ጡት ቢጠባ፥ ደኅና ቢመስልም እንኳ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ፤ ወደ ሳንባው የገባው ውኃ ከሰዓታት በኋላ ትንፋሽ ሊያሳጥረው ይችላልና።